የቤት መጠበቂያ ሾትጋን፦ ከላዩ ምን ይውረድ? ምን ይቆይ?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ጦር መሣሪያ በአደባባይ ማውራት አይወዱም። ቡና ላይ ሲሰባሰቡ የሚነሳው የቤት ብድር ወለድ፣ የልጆች ትምህርትና የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቆመው ጠመንጃ የሚያነሳ የለም። ይሁንና ጠመንጃው አለ። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የኮሮና ወረርሽኝና የጎዳና ሁከት በተደራረቡበት ዓመት፣ ኤፍ ቢ አይ ከመሣሪያ ግዢና ፈቃድ ጋር በተያያዘ ያካሄደው የማጣራት ሥራ ከ39 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ነክተው የማያውቁ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስ፣ የነዳጅ ማደያ ባለቤት የሆኑ የማውቃቸው ሰዎች በዚያ ዓመት መሣሪያ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈዋል።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለዓመታት ወደ ተኩስ መለማመጃ ሥፍራ ስለምመላለስ «እስቲ ይቺን ነገር እየልኝ» የሚለኝ ሰው አላጣም። የሚያሳዩኝ አብዛኛውን ጊዜ ሾትጋን ነው። ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጠመንጃው ደህና ሆኖ ሳለ የተሸከመው ዕቃ በዝቷል። ገዢው ካታሎግ አይቶ፣ የሻጭ ምክር ሰምቶ፣ ፊልም ላይ ያየውን ጨምሮ አንዱን ተቀጽላ በሌላው ላይ ሲደርብ ከርሞ ጠመንጃው የገና ዛፍ መስሏል።

ይህ ጽሑፍ ጠመንጃ ግዙ ወይም አትግዙ አይልም። እሱ የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው። የሚናገረው በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ቤቱ ላስቀመጠ ሰው፣ ከላዩ ምን ማውረድ እንዳለበትና ምን ማስቀረት እንደሚበጀው ነው።

ለመሆኑ ሾትጋን ምንድን ነው?

ሾትጋን እንደ ምንሽር ወይም እንደ ክላሽ አንድ አረር የሚልክ መሣሪያ አይደለም። አንዱ ቀለህ ውስጥ ብዙ የእርሳስ ፍሬ ታጭቆ በአንድ ምላጭ ይወጣል። ስፋቱ የሚለካው «ጌጅ» በሚባል የጥንት መለኪያ ነው። 12 ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢሠሩ የአንዱ ስፋት ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር ይተካከላል ማለት ሲሆን፣ በዛሬው መለኪያ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 20 ጌጅ ደግሞ ጠበብ ይልና ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል።

አሜሪካ ቤት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ሥሪቶች ናቸው። አንዱ በ1950 ገበያ ላይ የዋለው ሬሚንግተን 870 ሲሆን፣ ሌላው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሚሠራው ሞስበርግ 500 ነው። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ሁለቱም በእጅ የሚሳቡ ናቸው፤ ተኳሹ በግራ እጁ የፊተኛውን እጀታ ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ ወደ ፊት ሲገፋው ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ሀብት ቀላልነቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለቤት የሚመረጠው ጥይት ድርብ ዜሮ ባክሾት የሚባለው ነው። በተለመደው ቀለህ ውስጥ 8 ወይም 9 ፍሬዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ፍሬ ወደ 8.4 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። «ሾትጋን ማነጣጠር አያስፈልገውም፣ ክፍሉን ይሞላዋል» የሚለው ወሬ ከሲኒማ የመጣ ነው። በመኝታ ቤት ርቀት፣ ማለትም በ4 ወይም በ5 ሜትር፣ ፍሬዎቹ የሚያርፉት ከቡጢ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ ነው። የሳተ ሰው ሁሉንም ፍሬ ነው የሚስተው። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ጂፕሰም ቦርድ እንጂ ብሎኬት አይደለም፤ ባክሾት አንዱን ግድግዳ አልፎ ሌላውንም ይበሳል። ከግድግዳው ማዶ የልጆች መኝታ ሊኖር ይችላል።

ኮቴው የማን ነው?

ጠመንጃው ላይ ምን ይቆይ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው ካታሎግ ሳይሆን ቤቱ ነው። የእኛን ሰው ቤት እንውሰድ። ባል ማታ ማታ ታክሲ ወይም ኡበር ይነዳል። ሚስት ሆስፒታል የሌሊት ተራ አለባት። ቤዝመንት ውስጥ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ የአክስት ልጅ አለ፤ እሱም የፓርኪንግ ሥራውን ጨርሶ የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ትልቁ ልጅ ከኮሌጅ ሳይናገር ይመጣል፣ ትንሿ ውኃ ልትጠጣ ትነሳለች። እንግዲህ በዚህ ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደረጃው ሲንቋቋ፣ ኮቴው ከሌባ ይልቅ የቤተሰብ አባል የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው።

በመሆኑም ከተቀጽላዎች ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ባትሪውን ነው። ማን እንደሆነ ሳይታይ ምላጭ አይነካም። ሽጉጥ ቢሆን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው የእጅ ባትሪ ማብራት ይቻል ነበር። በእጅ የሚሳብ ሾትጋን ግን ሁለቱንም እጆች ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ጠመንጃው ላይ መሆን አለበት።

የተሻለው ዓይነት ራሱ መሳቢያ እጀታው ውስጥ የተሠራው ነው። ሹርፋየርና ስትሪምላይት የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለ870ም ሆነ ለ500 የሚሆን ይሠራሉ። ነባሩ እጀታ ወልቆ በቦታው ይገባል፤ ማብሪያው እጅ ከሚያርፍበት ላይ ነው፣ የሚንጠለጠል ሽቦ የለም። በአንጻሩ ብዙ ጊዜ የማየው ባትሪው አፈሙዙ ላይ በማቀፊያ ታስሮ፣ ማብሪያው በረጅም ሽቦ እስከ እጀታው ተጎትቶ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው። እጀታው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ ሽቦው አብሮ ይሳባል። ከጊዜ በኋላ ፕላስተሩ ይላላል፣ ሽቦው ይላጣል፣ በሚፈለግበት ሰዓት አይበራም። ብልጭ ድርግም የሚል፣ የብርሃን መጠን የሚቀያይር፣ ሦስት ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበል ባትሪም አይመረጥ። ሲጫኑት በርቶ ሲለቁት የሚጠፋ፣ ቢፈለግም በርቶ የሚቆይ ከሆነ ይበቃል።

ይህም ሆኖ ጠመንጃ ላይ የተገጠመ ባትሪ የራሱ እንከን አለው። ብርሃኑ የሚሄደው አፈሙዙ ወደሚያይበት ነው። ሰው ለማየት ብሎ በቀጥታ ማብራት ማለት የገዛ ልጅ ላይ አፈሙዝ ማዞር ማለት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም አፈሙዙን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ማብራት መለመድ አለበት። 1,000 ሉመን የሚሰጥ ባትሪ ወለል ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ኮሪደሩን ሙሉ ያሳያል፤ የሰውየው ፊትና እጅ ይለያሉ። ይህን ማንኛውም ሰው ጠመንጃ ሳይዝ፣ በተራ የእጅ ባትሪ ዛሬ ማታ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ግን ጨርሶ ጠመንጃ ላይ አይገጠምም። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት ኮሪደሩና ደረጃው ላይ መሰካት ነው። ከአንድ ፓኮ ጥይት ብዙም አይወደድም። ሌሊት የሚገባ ሰው ከበር ውጭ ሆኖ መልእክት ልኮ የሚገባበት ልማድም ምንም ዋጋ የለውም፤ አንድ ሰው ይህን ልማድ ቤቱ ሳያስገባ የሌዘር ማነጣጠሪያ ሲገዛ ሳይ ይገርመኛል።

ዘጠኝ ተቀጽላ

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከሁለት ዓመት በፊት ሬሚንግተን 870ውን ይዞልኝ መጣ። ሲገዛው ወደ 3.2 ኪሎ ይመዝን የነበረ ጠመንጃ ነው። ቆጠርኩ። በሽቦ የሚበራ ባትሪ፣ ሌዘር፣ በሐዲድ ላይ የተቀመጠ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፣ የጥይት ቱቦ መቀጠያ፣ ጎኑ ላይ 6 ጥይት መያዣ፣ ሰደፉ ላይ 5 ጥይት መያዣ፣ ማንገቻ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሙቀት መከላከያ ብረት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥርስ ያለው የበር መስበሪያ። አንድ የ12 ጌጅ ጥይት ወደ 45 ግራም ይመዝናል፤ እሱ የጫነበት 17 ጥይት ብቻውን ከ760 ግራም በላይ ነው። ሁሉም ሲደመር ጠመንጃው ወደ 5 ኪሎ ገብቷል። ለተቀጽላዎቹ የወጣው ገንዘብ ከጠመንጃው ዋጋ ይበልጣል።

ወዳጄ ረጅምና ጠንካራ ሰው ስለሆነ ክብደቱ አልታየውም። ባለቤቱ ግን አጭርና ቀጭን ናት። ትከሻዋ ላይ አድርጋ እንድትይዘው ጠየቅኋት፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ። እሱ በሳምንት አራት ሌሊት ሥራ ላይ ነው። እነዚያን አራት ሌሊቶች ከልጆቹ ጋር ቤት የምታድረው እሷ ናት። ጠመንጃው የተሸለመው ለእሱ ሲሆን የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች።

ክብደቱ አንድ ነገር ነው። መለማመጃ ሥፍራ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ እጀታው ሲሳብ እየያዘ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆም ጀመር። መንስኤው የጎን ጥይት መያዣው ነበር። ይህ ዕቃ የሚታሰረው የምላጩን ክፍል የሚይዙት ሁለት ዘንጎች ወልቀው በቦታቸው በሚገቡ ረጃጅም ብሎኖች ነው። ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ የጠመንጃው የብረት ሆድ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፣ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት ይጣበቃል። ሲላላ ደግሞ ብሎኑ በተኩሱ ንዝረት እየወጣ ይሄዳል። በተጨማሪ ረዘም ያለ መሳቢያ እጀታ ያላቸው ጠመንጃዎች ላይ እጀታው ሲሳብ ከመያዣው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። አንዲት ፕላስቲክ ሰሌዳ ጥሩ ሆኖ የወጣን መሣሪያ እንዲህ ታሰናክላለች።

ብሩጎላና ካቻቪቴ አምጥተን፣ በመጀመሪያ ጥይቱን ሁሉ አውጥተን ከክፍሉ ውጭ ካስቀመጥን በኋላ፣ አንድ በአንድ አወረድን።

የሙቀት መከላከያው ቀድሞ ወረደ። ይህ ብረት ታሪክ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን ዊንቸስተር 1897 የተባለውን ሾትጋን ይዘው ምሽግ ውስጥ ሲዋጉ፣ አፈሙዙ ሲግል ሳንጃ የሚሰነዝር ወታደር እጁ እንዳይቃጠል የተሠራ ነው። ጀርመን በ1918 ሾትጋን በጦር ሜዳ መዋሉን በዲፕሎማሲ ተቃውማ ነበር። መኝታ ቤቱ ሆኖ 911 የደወለ ሰው ግን ሳንጃ አይሰነዝርም፤ አራትና አምስት ተኩስም አፈሙዝን ያን ያህል አያግልም። የበር መስበሪያው ጥርስም የፖሊስ ልዩ ኃይል ዕቃ ነው። የራሱን በር የሚሰብር ሰው የለም።

ሌዘሩ ወረደ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይዋን ነጥብ ግድግዳ ላይ መፈለግ ዓይንን ከሰውየው ላይ ያነሳል፤ ነጥቧ ደግሞ ማን እንደሆነ አትነግርም። ማንገቻውም ወረደ። ለአዳኝና ለወታደር ማንገቻ ግዴታ ነው። ቤት ውስጥ ግን የበር እጀታ፣ የወንበር ጀርባ፣ የቁም ሣጥን ማንጠልጠያ ሁሉ ይይዘዋል። ልጅ አቅፎ መሮጥ ሊኖር ይችላልና ማንገቻው ይቆይ የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ክርክራቸው ዋዛ አይደለም። እነሱም ቢሆኑ ግን ተጠቅልሎ እንዲታሰር እንጂ እንዲንዘላዘል አይመክሩም።

የቱቦ መቀጠያው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ፋብሪካው የሠራው ቱቦ 4 ጥይት ይይዛል፤ መቀጠያው ሁለት ይጨምራል። ወዳጄ ሁለቱን ጥይት ማጣት አልፈለገም። ነገር ግን መቀጠያው ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሞላው ወይም ጥይቱን የሚገፋው ክዳን ሊያዝ ይችላል፤ ክብደቱም ጫፍ ላይ ስለሆነ እጅን ይጎትታል። ከፋብሪካው ረጅም ቱቦ ይዞ የወጣ ጠመንጃ ከሆነ ችግር የለም፣ ይቆይ። በኋላ የተቀጠለ ከሆነ ግን ቢያንስ 50 ጥይት ያለ እንከን ካልተኮሰ አልቀበለውም። የወዳጄ አልፎ አልፎ ስለያዘ ወረደ።

ጥይቱ ወዴት ይሁን?

አባቶቻችን ጥይታቸውን የሚሸከሙት በዝናር ነበር፤ ጠመንጃው ባዶውን ቀላል ነው፣ ክብደቱ ወገብ ላይ ነው። ጥሩ አሠራር ነው። ነገር ግን ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ዝናር አይታጠቅም፤ ፒጃማም ኪስ የለውም። ስለዚህ ጥቂት ተጨማሪ ጥይት ጠመንጃው ላይ መኖሩ ትክክል ነው። ጥያቄው ስንት ነው።

ለእኔ አራት ይበቃል። በብሎን የሚታሰረውን ፕላስቲክ አውልቀን ፋንታውን በቬልክሮ ብረቱ ላይ የሚለጠፍ የጨርቅ መያዣ አደረግን። ብሎን አይነካም፣ ሲያረጅ ተነቅሎ ይቀየራል። የሰደፉ መያዣም ወረደ፤ ግራኝ ለሆነ ወይም ሰደፉን ጉንጩ ላይ ለሚያሳርፍ ሰው ጥይቶቹ ፊቱን ይፈትጉታል።

የጥይቱ ዓይነት ከብዛቱ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። የተለመደው ባለ 9 ፍሬ ድርብ ዜሮ በሰከንድ ወደ 1,325 ጫማ ይወረወራል። ርግጫው የተቀነሰለት ዓይነት ደግሞ ወደ 1,145 ጫማ ነው። በቤት ርቀት ልዩነቱ አይታይም፤ ትከሻ ላይ ግን በጣም ይታወቃል። የወዳጄ ባለቤት በመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ተኩሳ አስቀመጠችው፣ በሁለተኛው 15 ተኮሰች። ግድግዳ እንዳይበሳ ብለው የወፍ እርሳስ የሚጭኑ አሉ። ሐሳቡ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ደቃቅ ፍሬዎቹ ሰውነት ውስጥ ጠልቀው ስለማይገቡ ኤፍ ቢ አይ በሙከራ ከሚጠብቀው የ12 ኢንች ጥልቀት አይደርሱም። የግድግዳው ችግር የሚፈታው በጥይት ለውጥ ሳይሆን የቤተሰቡ አባላት የት እንደሚተኙ አውቆ፣ ከየትኛው ማዕዘን ወደ የትኛው ግድግዳ መተኮስ ፈጽሞ እንደማይቻል ቀድሞ በመወሰን ነው።

ሰደፍና ማነጣጠሪያ

ብዙ ሰው የማይነካው፣ ግን ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት ሰደፉ ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው ሰደፍ ከምላጩ እስከ ጫፉ ወደ 14 ኢንች ይረዝማል፤ የተለካውም ኮት ለብሶ ለማይቆም ረጅም ወንድ ነው። እጁ አጠር ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ሲይዝ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ርግጫውም ያንገዳግደዋል። ከዚህ የባሰው፣ መሳቢያው እጀታ ስለሚርቀው እስከ መጨረሻው ስቦ እስከ መጨረሻው አይገፋውም። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ዋነኛ መሰናክልም ይኸው ነው፤ እጀታው በግማሽ ሲመለስ ቀለሁ አይወጣም ወይም አዲሱ አይጎርስም።

12 ኢንች ገደማ የሆነ አጭር ሰደፍ ሆግ የተባለው ኩባንያ ይሠራል። ማግፑል የሚሠራው ደግሞ መሐሉ በሚገቡ ቁርጥራጮች ከ12.5 እስከ 14.5 ኢንች ይረዝማል ያጥራል። ባልና ሚስት አንድ ጠመንጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ልኩ የአጭሩ ሰው ይሁን። ረጅም ሰው በአጭር ሰደፍ ይተኩሳል፤ አጭር ሰው በረጅሙ አይችልም።

ሰደፉን ጨርሶ አውልቆ የሽጉጥ እጀታ ብቻ መግጠም በፊልም ያምራል። ርግጫውን ግን ከትከሻ አንስቶ አንጓ ላይ ያሳርፈዋል፣ ማነጣጠርንም ያስቀራል። ሞስበርግ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሞስበርግ ሴፍቲ ቁልፍ ከላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የሽጉጥ እጀታ ሲገጠም አውራ ጣት ወደ ታች ስለሚወርድ እጅ ሳይለቅ አይደረስበትም። የሬሚንግተኑ ምላጭ አጠገብ ስለሆነ ይህ አይገጥመውም።

ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያን አልቃወምም። ዓይኑ የደከመ ሰው በደንብ ይጠቀምበታል። ነገር ግን የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥም ሰደፉ ካልተስተካከለለት ጉንጭ ከሰደፍ ተነስቶ በአየር ላይ ይቀራል። በ5 ሜትር ርቀት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የናስ ዶቃ ትበቃለች። ወዳጄ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ በዶቃዋ 10 ከተኮሰ በኋላ ማነጣጠሪያውን ራሱ ፈታው።

ሥራው ሲያልቅ ጠመንጃው ላይ የቀረው ሦስት ነገር ነበር፦ እጀታው ውስጥ ያለ ባትሪ፣ አራት ጥይት የያዘ ጨርቅና አጭር ሰደፍ። ጥይት ጎርሶ ሳይሆን ቱቦው ሞልቶ ሲመዘን ከ4 ኪሎ በታች ሆነ።

ሕጉ የሚነካበት ቦታ

ሰደፍና አፈሙዝ መለዋወጥ ከሕግ ጋር ያጋጫል። ከ1934 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ የሾትጋን አፈሙዝ ከ18 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱም ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም። ከዚያ ካነሰ በልዩ ሁኔታ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ይከፈል የነበረው 200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለአጫጭር ሾትጋኖች ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም። አፈሙዝ ቆርጦ ማሳጠር ቀልድ አይደለም።

ለእኛ ሰው በተለይ መታወቅ ያለበት ሌላ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሕግ እገዳ ከሌለበት ሾትጋን መግዛት ይችላል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ውስን ሁኔታዎችን ካላሟላ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። ቤዝመንት የተቀመጠው ዘመድ እንዲህ ያለ ቪዛ ካለው መሣሪያው እሱ በማይከፍተው ቦታ ይቆለፍ፤ ጠበቃም ይጠየቅ። ገዢው የሚሞላው ቅጽ 4473 ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚነትን ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በመጀመሪያው መደብ ከተከለከሉት ይመደባል። «ጫት ዕፅ አይደለም» የሚለው የእኛ ልማድ እዚያ ቅጽ ላይ አያድንም፤ ሐሰት መሙላትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አገር ቤት ያለ አንባቢ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንደሚገዛና ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል ያውቃል።

የት ይቀመጥ?

ሜሪላንድ በ2023 ሕጓን አጥብቃ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ ማስቀመጥን ከልክላለች። ሌሎች ግዛቶች ይለያያሉ። ሕግ ባይኖርም ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አልጋ ሥር የሚገፋ ጠመንጃ አይኖርም። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ ቶሎ የሚከፈት ጠባብ የብረት ሣጥን ግድግዳ ላይ ይታሰራል። ጎኑ ላይ ዕቃ የተደረደረበት ጠመንጃ እዚህ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ የወዳጄም ጠመንጃ ከቁም ሣጥን ልብስ ኋላ ይቆም የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ አያያዙ እንደ ፖሊስ መኪና ይሁን፦ ቱቦው ውስጥ ጥይት አለ፣ ጉሮሮው ባዶ ነው፣ ሴፍቲው ተቆልፏል። የእነዚህ ጠመንጃዎች ሴፍቲ የሚይዘው ምላጩን ብቻ ስለሆነ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ከወደቀ ሊተኩስ ይችላል። ሲያስፈልግ አንዴ ማቀባበል ነው። የማቀባበሉ ድምፅ ሌባ ያባርራል ይባላል፤ ሊያባርርም ላያባርርም ይችላል፣ የት እንዳሉ ግን በእርግጥ ይነግረዋል።

የወዳጄ ባለቤት አሁን በወር አንድ ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ አስመሳይ ጥይት ይዛ ሣጥኑን መክፈት፣ ማቀባበል፣ ወለሉ ላይ ማብራትና 911 መደወልን ትለማመዳለች። እውነተኛው ጥይት ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይቆያል። የባትሪውን ድንጋይ የምትቀይረው በዓመት ሁለቴ፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚያደርጉበት እሑድ ነው። የወረዱት ዘጠኝ ዕቃዎች ካርቶን ውስጥ ጋራዥ ተቀምጠዋል፤ ባሏ ሊሸጣቸው ቢያስብም እስከ አሁን ገዢ አላገኘም።